ጠርሙሶች ያጌጡት ጉልላት፦ ግማሽ ቀን በሲንጋፖር



ሲንጋፖር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን ሰማይ ጠቀስ ፎቅ፣ የገበያ አዳራሽና የመርከብ ወደብ ነው። ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛም አውሮፕላን እስኪለውጥ ድረስ ቻንጊ በሚባለው ማረፊያ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ወይም ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ሰዓቱን ይገፋል። እኛ ግን ከቤተሰብ ጋር ስናልፍ ያገኘናትን ግማሽ ቀን የከተማዋ ሙስሊሞች የት እንደሚሰግዱ፣ ምን እንደሚበሉና እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት አዋልናት። ያየነውንም እነሆ ለእናንተ አቅርበናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲንጋፖር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 137 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ ደሴት ናት። ክረምትና በጋ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት፣ ወበቅና ድንገተኛ ዝናብ ነው። የቀንና የሌሊቷ ርዝመትም ብዙ ስለማይለዋወጥ፣ የረመዳን ጾም በየትኛውም ወር ቢውል ከ13 ሰዓት ተኩል ገደማ ፈቅ አይልም። ሕዝቧ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ሲሆን የሚበዙት ቻይናውያን ናቸው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ነዋሪዎች መካከል ሙስሊሞቹ ከመቶ 15.6 ነበሩ። አብዛኞቹ ማላዮች ሲሆኑ፣ ከህንድና ከየመን ሐድረመውት በንግድ የመጡ ሰዎች ልጆችም ይገኙባቸዋል። የመናውያን ነጋዴዎች ባሕር ተሻግረው ወደ ሀገራችንም እንደመጡና በየከተማው ሱቅ እንደነበራቸው አባቶቻችን ያስታውሳሉ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር ተነሥተን፣ ታናህ መራህ ላይ ቀይረን፣ ቡጊስ በሚባለው ጣቢያ ወረድን። በባቡሩ ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው፤ ዱሪያን የሚባለውን ሽታው የከበደ ፍሬም ይዞ መግባት አይፈቀድም። ከጣቢያው ጥቂት እንደተራመድን ካምፖንግ ግላም የተባለው ጥንታዊ የሙስሊሞች ሰፈር ደረስን። ልጆቹ የመንገዶቹን ስም እያነበቡ ተደነቁ፤ ዓረብ፣ ባግዳድ፣ ሙስካት፣ ካንዳሃር፣ በስራ! ቀደም ባለው ዘመን በአካባቢው ካሉ ደሴቶች የሚመጡ ሐጃጆች ወደ ጂዳ የሚወስዳቸውን መርከብ የሚጠባበቁት በዚህ ሰፈር ነበር።

በሰፈሩ መካከል ባለ ወርቃማ ጉልላቱ የሱልጣን መስጂድ ቆሟል። የመጀመሪያው መስጂድ ከ1824 ጀምሮ ለሱልጣን ሑሴን የተሠራ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ለሰጋጁ ስለጠበበ አሁን ያለው ሕንፃ ተተክቶ በ1932 ተጠናቀቀ። ንድፉን ያወጣው ዴኒስ ሳንትሪ የተባለ አየርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። መስጂዱ ፊቱን በትክክል ወደ ካዕባ እንዲያዞር ሲባል ሕንፃው ከመንገዱ መስመር በመውጣቱ፣ ትልቁ የኖርዝ ብሪጅ ጎዳና እዚያ ሲደርስ ይታጠፋል። ጎዳና ለቂብላ ሲታጠፍ ማየት ልብ ይነካል።

ከሁሉ ይበልጥ ያቆመን ግን ጉልላቱ ሥር ያለው ጥቁር መቀነት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀለም ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን እርስ በርስ ተጠጋግተው የተደረደሩ የጠርሙስ ግርጌዎች ናቸው! መስጂዱ ሲሠራ ሀብታሞቹ ገንዘብ አወጡ። ገንዘብ የሌላቸው ድሆች ደግሞ ከአጅሩ እንዳይቀሩ ባዶ ጠርሙስ እንዲያመጡ ተደረገ፤ ያመጡትም ተጥሎ አልቀረም፣ ጎተራ ውስጥም አልተደበቀም፤ ከወርቃማው ጉልላት ሥር ከፍ ብሎ ተሰካ። ከልጆቻችን አንዱ፣ «የትኛው ጠርሙስ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስም የለበትም። የሰጪውን ማንነት የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ የዙሁር አዛን ተሰማ። ሲንጋፖር ላይ ቂብላ ወደ ምዕራብ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ ሰሜን የምንሰግድ ሰዎች እዚህ ሌላ አቅጣጫ ስንይዝ ልጆቹ ግር አላቸው። ካዕባ አንድ፣ አቅጣጫው ግን እንደቆምንበት ምድር የሚለያይ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘንም። ሙሳፊር ስለሆንን ዙሁርንና አስርን አሳጥረንና ሰብስበን ሰገድን።

ከሶላት በኋላ ከመስጂዱ ፊት ለፊት ካሉት የቆዩ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። ሙርታባክ ይባላል፤ ስሙ «የታጠፈ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በስሱ ተዳምጦ ሥጋ፣ ዕንቁላልና ሽንኩርት የሚታጠፍበት ቂጣ ነው። ፈጢራችንን የሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ለመንገደኛ የምንመክረው፣ «አሳማ የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይቶ እንዳይገባ ነው፤ ይህ ሐላል ማለት አይደለምና። በ1968 የተቋቋመው ሙኢስ የተባለው የሀገሩ የእስልምና ምክር ቤት የሚሰጠውን የሐላል ምስክር ወረቀት ይፈልግ።

ከዚያ በእግር ብዙም ሳንርቅ ቢች ጎዳና ላይ የሐጃ ፋጢማን መስጂድ ጎበኘን። ሐጃ ፋጢማ በመላካ የተወለደች የታወቀች ነጋዴ ነበረች። ቤቷ ሁለት ጊዜ ተዘርፎ በኋላም በእሳት ቢጋይም እርሷ በሕይወት ተረፈች፤ ለዚህም ምስጋና ቤቷ የነበረበትን ቦታ ለመስጂድ ሰጠች፤ በ1840ዎቹም ተሠራ። አሸዋማ መሬት ላይ ስለተተከለ ሚናራው ወደ ጉልላቱ 6 ዲግሪ ያህል ዘንብሏል። ቀብሯም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እኅቶቻችን ይህን ታሪክ ልብ ይሏል፤ ሀብቷን በራሷ ላብ ያፈራች ሴት ለአኺራዋ ያስቀመጠችው ሲሳይ እስከ ዛሬ እየተሰገደበት ነው።

የጠርሙሱ ታሪክ የትናንት ብቻ ሆኖ አልቀረም። መንግሥት ሕዝቡን ከመንደሮች አንሥቶ ወደ ረጃጅም የመኖሪያ ፎቆች ሲያዛውር በመንደሮቹ የነበሩ ትናንሽ መስጂዶች ፈረሱ፤ በአዲሶቹ ሰፈሮች ደግሞ መስጂድ አልነበረም። በ1975 የመስጂድ ማሠሪያ ፈንድ ተቋቋመ፤ ሙስሊም ሠራተኛ ሁሉ በወር ከ50 ሳንቲም ጀምሮ ከደመወዙ እንዲያዋጣ ሆነ። የማይፈልግ መተው ይችላል። በዚህ መዋጮ የተሠራው የመጀመሪያው መስጂድ፣ በቶዋ ፓዮ ያለው ሙሃጂሪን፣ በ1977 ተከፈተ፤ ከእርሱም በኋላ በየአዲሱ ሰፈር ሌሎች ተከታተሉ። በ1984 ደግሞ መዋጮው ሰፍቶ ልጆቻቸውን በትምህርት ለሚረዳው ሜንዳኪ ለተባለው ድርጅት ድጋፍ እንዲሆን ተደረገ። በቁጥር አነስተኛ የሆነ ሕብረተሰብ ከሩቅ የሚመጣ ለጋሽ ሳይጠብቅ፣ በሳንቲም መስጂዱንም ልጁንም አቆመ ማለት ነው።

ውድ ቤተሰቦች! በሀገራችንም ብዙ መስጂዶች የቆሙት በሰፈሩ ሰው መዋጮ ነው። ይሁን እንጂ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲያፈስ ወይም የመድረሳው ወንበር ሲሰበር «አንድ ሀብታም ይምጣልን» ብለን የምንጠብቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሀብታሙ ሲሰጥ ስሙ ይጠራል፤ ድሃው ግን የሚሰጠው የሌለ እየመሰለው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ትልቁ ጉዳት ቆርቆሮው ማፍሰሱ ሳይሆን ይህ ድሃ ከመስጂዱ ባይተዋር መሆኑ ነው። የሱልጣን መስጂድ ሠሪዎች ያስተዋሉት ይህንን ነው፤ ድሃውን ያለውን ጠየቁት፣ ያመጣውንም ከፍ ባለ ቦታ አኖሩለት።

ስለዚህ ወላጆች ለልጆቻችሁ ትንሽ የሰደቃ ሣጥን ስጧቸው፤ ወጣቶችም ከኪስ ገንዘባችሁ በየወሩ ጥቂት ለሰፈራችሁ መስጂድ መድቡ። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ገንዘብ የሌለውን ሰው ጉልበቱን፣ ሙያውን፣ ጊዜውን ጠይቁት። የሚሰጠው የሌለው ሰው የለም።

አላህ (ሱ.ወ) ትንሹንም ትልቁንም ሥራችንን ይቀበለን። አሚን።