137 ለ 1፦ መራጭ ተስፋ ሲቆርጥ ምን ይፈጠራል?

እስቲ በሁለት ቁጥሮች እንጀምር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የአዲስ አበባ ምክር ቤት ካሉት 138 መቀመጫዎች ውስጥ 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። ለገዢው ኢሕአዴግ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም.፣ ይኸው ምክር ቤት እንደገና ተመረጠ። በዚህኛው ደግሞ ኢሕአዴግ ከ138ቱ 137ቱን አገኘ።

ከተማው ያው ነው። ከኮልፌ ቀራንዮ እስከ ቦሌ ያለው ሕዝብም በአብዛኛው ያው ነው። ታዲያ ምን ተፈጠረ? የሰው ሁሉ ሐሳብ በሦስት ዓመት ውስጥ ተገለበጠ ማለት ነው? እንዲህ ዓይነቱን እንቆቅልሽ ለመፍታት የፖለቲካ ሳይንስ ጥሩ መሣሪያዎች አሉት።

የተናደደ መራጭና ተስፋ የቆረጠ መራጭ

አብዛኛው መራጭ የፓርቲዎችን ፕሮግራም ገጽ በገጽ አያነብም። ጊዜም የለው። ሞሪስ ፊዮሪና የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ መራጩ አቋራጭ መንገድ አለው፤ ወደ ኋላ ያያል። «ባለፉት ዓመታት ኑሮዬ እንዴት ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱ ካላስደሰተው ሥልጣን ላይ ያለውን ይቀጣል።

በ1997 ኢሕአዴግ 14 ዓመት ገዝቶ ነበር። የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ በሰው ተጥለቀለቀ። በምርጫው ቀን ሰልፉ እስከ ሌሊት ዘለቀ፤ በሀገር ደረጃ ከተመዘገበው መራጭ ከ80 በመቶ በላይ ድምፁን ሰጠ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሰዉ በገዢው ፓርቲ ተከፍቷል፣ ግን በምርጫው አልተከፋም። እንዲያውም ቅሬታው ነው ጎህ ሳይቀድ ያሰለፈው። ንዴትና ተስፋ መቁረጥ አንድ አይደሉም።

ዴቪድ ኢስተን የተባለ ምሁር ይህንን ልዩነት በሁለት ዓይነት ድጋፍ ይገልጸዋል። አንዱ ባለሥልጣናቱ ለሚሠሩት ሥራ የሚሰጥ ድጋፍ ነው፤ ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወርዳል። ሌላው ለሥርዓቱ ለራሱ የሚሰጥ ነው፤ «ሰዎቹ አይረቡም፣ መንገዱ ግን ይሠራል» የሚል እምነት። የመጀመሪያው ሲሟጠጥ ፓርቲ ይቀየራል። ሁለተኛው ሲሟጠጥ ግን ሰው ቤቱ ይቀመጣል።

ከ1997 በኋላ

ቅንጅት አዲስ አበባን ቢጠቀልልም፣ በሀገር ደረጃ ይፋ የተደረገው ውጤት ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109 መቀመጫ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ውጤቱን አልተቀበሉም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሳው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ አረጋገጠ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ቢሮ ሳይገቡ እስር ቤት ገቡ፤ ከተማዋን የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ። መሪዎቹ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ፓርቲው ተከፋፈለ።

እንግዲህ መራጩ በሁለት በኩል ተጎዳ። ድምፁ በመንግሥት በኩል የጠበቀውን አላመጣለትም። የመረጣቸው ደግሞ እርስ በርስ ተጣሉ። «ሁሉም ያው ናቸው» የሚለው አባባል ዝም ብሎ የስንፍና ንግግር አይደለም፤ ከልምድ የተወሰደ መደምደሚያ ነው። በ2000ው ምርጫ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ጫና በዛብን ብለው ወጡ። ስለዚህ ሁለተኛው 137 የሐሳብ መገልበጥ ምልክት አይደለም ቢባል ያስኬዳል፤ አብዛኛው የመጣው ከአማራጭ መጥፋት ነው።

ዝምታ ምን ማለት ነው?

አልበርት ሂርሽማን የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ናይጄሪያ ውስጥ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። ባቡሩ እጅግ መጥፎ ነበር። የጭነት መኪኖች ተወዳዳሪ ሆነው መጡ። ባቡሩ ግን አልተሻሻለም። ለምን? አምርረው ሊጮሁ የሚችሉት ደንበኞች ወደ መኪና ስለሄዱ፣ ባቡሩን የሚያስጨንቅ ሰው አልቀረም። ሂርሽማን በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያልተደሰተ ሰው ሁለት በር አለው ይላል፦ መውጣት ወይም ድምፅ ማሰማት። በቀላሉ የሚወጡት ከወጡ፣ የቀሩት ድምፅ ይደክማል።

በአማርኛ «ድምፅ» አንድም ከጉሮሮ የሚወጣው ነው፣ አንድም ኮሮጆ ውስጥ የሚገባው። ካርድ አለማውጣት ከድምፅ ወደ መውጣት መሻገር ነው።

ገዢ ግን ዝምታን እንደ ፍቅር ሊያነበው ይችላል። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም፣ 547ቱንም ያዙ። በወረቀት ከዚህ የሚበልጥ ድጋፍ የለም። ነገር ግን ግማሽ ዓመት ሳይሞላ፣ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያጣመረውን ማስተር ፕላን በመቃወም ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ። ከኮልፌ ቀራንዮ ጋር የሚዋሰነው ቡራዩም ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ጉዳዩ ከሰፈራችን ዳር የራቀ አልነበረም። የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሥልጣን ለቀቁ፤ በ2012 ኢሕአዴግ ራሱ ፈርሶ ብልጽግና ተመሠረተ። ምክር ቤት ውስጥ ያልተሰማው ድምፅ በመንገድ ወጣ ማለት ነው።

ሕጉም አስተዋጽኦ አለው

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 ላይ በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ይመረጣል ይላል። አስቡት፦ 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ፤ አንዱ 4,000፣ ሌላው 3,500፣ ሦስተኛው 2,500 አገኘ። የመጀመሪያው ያሸንፋል። 6,000ው ሰው ያልመረጠው ሰው ይወክለዋል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ በ2024 እ.ኤ.አ. ሌበር ፓርቲ 34 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ650 መቀመጫ 411ዱን ወሰደ። እዚያ ታዲያ ድምፅ ለመስጠት ከሚችለው ተመዝጋቢ 40 በመቶ ያህሉ ጭራሽ አልመጣም። «የኔ ድምፅ ምን ይቀይራል?» የሚለው ጥያቄ ለንደንም አለ።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ወይም ታክሲ ላይ «ምርጫ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ስትሰሙ ቶሎ አትፍረዱ፣ ቶሎም አትስማሙ። ሰውየው የከፋው በማን እንደሆነ ለዩ፦ በተመራጩ ነው፣ በፓርቲው ነው፣ በሕጉ ነው ወይስ በምርጫው በራሱ? የእያንዳንዱ መድኃኒት የተለያየ ነው። ለምሳሌ ያው አንቀጽ 54 መራጮች አመኔታ ያጡበት ተወካይ በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነት ሊወገድ እንደሚችል ይናገራል። ይህን የሚያውቅ ስንቱ ነው? 18 ዓመት ሲሞላችሁ ካርድ ማውጣት አለማውጣት የእናንተ ውሳኔ ነው። ብቻ ዝም ስትሉ ዝምታችሁን ሌላ ሰው ተርጉሞ እንደሚያነብላችሁ እወቁ።