ከስልኩ ጋር የመጣ ወይስ የተጫነ? የፊደል ገበታ ምርጫና የጽሑፍ ልማድ በጁባ ካስተም

በጁባ ካስተም ገበያ የሚነግድ ኢትዮጵያዊ በአንድ ስልክ ከአንድ ቋንቋ በላይ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። ለደንበኛው በጁባ ዐረብኛ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል፣ ይጽፋል፤ ለደረሰኝና ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ እንግሊዝኛ ይጠቀማል፤ አገር ቤት ላለው ቤተሰቡ ደግሞ በአማርኛ መልእክት ይልካል። የሱቅ ጎረቤቱ ኤርትራዊ ሲሆን ትግርኛ ይጨመራል። ደቡብ ሱዳን በ2011 ዓ.ም. (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነጻ ስትወጣ እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ ያደረገች ሲሆን፣ አገር በቀል ቋንቋዎችን ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋ ብላ ተቀብላለች። ባሪ፣ ዲንካና ኑዌርም በዚያው ገበያ ይነገራሉ። እንግዲህ ከስልኩ ጋር በመጣው ኪቦርድ መጻፍ ወይስ ሌላ አውርዶ መጫን የሚለው ጥያቄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትኛው ቋንቋ በምን ፊደልና በምን አጻጻፍ እንደሚጻፍ በከፊል የሚወሰነው በዚህ ምርጫ ነው።

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዐት የተካተተው በ1999 ዓ.ም. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደሉን በመስኮት ላይ ማሳየት ቀስ በቀስ ተቃልሏል፤ መጻፉ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ሠላሳ ሦስቱ መሠረታዊ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቋ፣ ኳና ጓ ያሉት ዲቃሎች ሲታከሉ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ይህን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ለማስተናገድ ሁለት ዋና መንገዶች ተለምደዋል። አንደኛው የላቲን ፊደል በድምፅ እየነኩ ግእዙን ማውጣት ነው። ሁለተኛው የፊደሉን ግእዝ ቤት ነክቶ፣ ከዚያ ከሚዘረጉት ቤቶች የሚፈለገውን መምረጥ ነው። የመጀመሪያው ላቲን ለለመደ እጅ ይፈጥናል። ሁለተኛው ፊደል ቆጥሮ ላደገ፣ ላቲን ግን ብዙም ላልጻፈ ሰው የተሻለ ነው። የአንድ አባት ስልክ ላይ የልጁን ኪቦርድ መጫን ብዙ ጊዜ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሥነ ልሳን ባለሙያ ቁም ነገሩ ገበታው የሚደብቀው ፊደል ላይ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ አይለዩም። ገበታው አንዱን በአንድ ንክኪ፣ ሌላውን በሁለት ንክኪ ወይም ቁልፉን ተጭኖ በመቆየት የሚሰጥ ከሆነ፣ ጸሐፊው ቅርቡን ማንሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ከስልክ መልእክት በተሰበሰበ ጽሑፍ ውስጥ የሠ ማነስ የጸሐፊውን የፊደል ዕውቀት ከመመስከሩ በፊት የቁልፉን አቀማመጥ ሊመሰክር ይችላል። በትግርኛ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ሐና ዐ በዚያ ቋንቋ የራሳቸው ድምፅ አላቸው፣ አማርኛ የማያውቀው ቐም አለ። ለአማርኛ ብቻ የተሠራ ገበታ በትግርኛ ተናጋሪ እጅ ሲገባ የሚያጠፋው የድምፅ ልዩነትን እንጂ የአጻጻፍ ወግን አይደለም። ሁለቱ ማኅበረሰቦች ስልክና መተግበሪያ በሚቀባበሉበት ገበያ ይህ ሊታለፍ አይገባም።

ሥርዐተ ነጥብም እንዲሁ ነው። አራት ነጥብ በገበታው ሁለተኛ ገጽ ሲደበቅ ጸሐፊው ሁለት ነጥብን ደጋግሞ ይነካል፤ አንዳንዱም የላቲኑን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ይደረድራል። ለዐይን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህን ሳያስተካክል ዐረፍተ ነገር የሚቆጥር ጥናት ውጤቱ የተዛባ ይሆናል።

የዲንካ ጸሐፊ ችግር በሌላ መልክ ይመጣል። በ1928 ዓ.ም. የረጃፍ የቋንቋ ጉባኤ የደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች በላቲን ፊደል እንዲጻፉ መሠረት ጥሏል። የዲንካ እስትንፋሳዊ አናባቢዎች ከላያቸው ሁለት ነጠብጣብ ይደረግባቸዋል። ለአንዳንዶቹ፣ አውሮፓውያን ስለሚጠቀሙባቸው፣ ዩኒኮድ ባለ ነጥቡን ፊደል በአንድ ኮድ አዘጋጅቷል። ለክፍቶቹ የኤና የኦ አቻዎች ግን የተዘጋጀ የለም፤ ፊደሉና ነጥቡ ለየብቻ ይጻፋሉ። በመሆኑም አንድ ስሕተት ለማጥፋት የተነካ መደምሰሻ ነጥቡን ብቻ አንሥቶ ፊደሉን ሊተው ይችላል፤ ቃሉም ጸሐፊው ሳያስተውል ሌላ ቃል ይሆናል። ከሥራቸው መስመር የሚደረግባቸው የኑዌር አናባቢዎችም ከዚህ አያመልጡም፤ ኑዌር ደግሞ በጋምቤላም ይነገራልና ጥያቄው ድንበር አያውቅም። የእንግሊዝኛ ገበታ እነዚህን ምልክቶች ካላቀረበ ተናጋሪው ያለ ምልክት ይጽፋል፣ አንባቢው ከዐውዱ ይገምታል። ለእንዲህ ያለው ክፍተት ኤስ አይ ኤል የሚያስተዳድረው ኪይማን የተሰኘው ሥርዐት ጠቃሚ ነው፤ የቋንቋው ባለሙያ ራሱ ገበታ እንዲቀርጽበት ይፈቅዳልና።

እንግዲህ የተጫነው ገበታ ይበልጣል ማለት ነውን? እዚህ ላይ ሚዛኑ ወደ ሌላ ይዞራል። ኪቦርድ በስልኩ ላይ የሚጻፈውን ማናቸውንም ቃል ያያል፦ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ለወንድም የተላከ ምሥጢር። አንድሮይድ አዲስ ገበታ ሲከፈት ይህንኑ ያስጠነቅቃል፤ ይሁን እንጂ መተግበሪያው ኢንተርኔት ለመጠቀም የተጠቃሚውን ፈቃድ ለብቻው አይጠይቅም። በአይፎን ሙሉ ፈቃድ ያልተሰጠው ገበታ ወደ ኢንተርኔት መውጣት አይችልም፤ የይለፍ ቃል ሲጻፍም ስልኩ ወደ ራሱ ገበታ ይመለሳል። ሥጋቱ ባዶ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ኤአይ.ታይፕ የተባለው ኪቦርድ የ31 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃ ያለ ይለፍ ቃል ተጋልጦ ተገኝቷል።

ይሁንና «አብሮ የመጣው ይታመናል» የሚለውም ችኩል ፍርድ ነው። በ2024 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የቻይንኛ መጻፊያ ገበታዎችን መርምሮ፣ ከ9 ድርጅቶች በ8ቱ ገበታዎች የሚነካው ቁልፍ በመንገድ ላይ ሊነበብ የሚችልበት ቀዳዳ አግኝቷል። ከእነዚህም ውስጥ በስልክ አምራቾች ተጭነው የሚሸጡ ይገኙበታል። ክፍፍሉ ራሱም ጽኑ አይደለም፤ የጉግል ጂቦርድ በአንዱ ስልክ አብሮ የመጣ፣ የራሱ ኪቦርድ ባለው የሳምሰንግ ስልክ ደግሞ በኋላ የሚጫን ነው።

ስለዚህ የሚሻለው ጥያቄ ገበታው ከየት መጣ ሳይሆን ምን ይሠራል የሚለው ነው። ያለ ኢንተርኔት ይጽፋልን? የቋንቋውን ፊደላት ሁሉ ያለ ድካም ይሰጣልን? ሠሪው ማን ነው፣ እስከ ዛሬስ ያድሰዋልን? ለአማርኛና ለትግርኛ የተሠራ ጥሩ ገበታ ያገኘ ነጋዴ እሱን ለቤተሰብ ደብዳቤ አድርጎ፣ የባንክ ጉዳይ ሲመጣ ወደ ስልኩ ገበታ ቢመለስ ሁለቱንም አያጣም፤ መቀያየሪያው አንድ ንክኪ ነው። መስክ ላይ ጽሑፍ የሚሰበስብ ተመራማሪም ከተናጋሪው ዕድሜና የትውልድ ቦታ ጎን የኪቦርዱን ስምና ዓይነት ቢመዘግብ፣ በኋላ ሠ ለምን ጠፋ፣ ነጥቡስ ለምን ከአናባቢው ላይ ወደቀ ለሚለው መልስ ይኖረዋል።