ኮምፒዩተር የገባበት ቢሮ መቼ ነው ምርታማ የሚሆነው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ምርታማነት መለካት አስቸጋሪ ነው። ፋብሪካ ያመረተውን ይቆጥራል፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን የሚሸጠው ዕቃ የለውም። ስለዚህ በብዙ አገሮች የመንግሥት አገልግሎት ዋጋ የኖረው በወጣበት ወጪ ልክ እየተገመተ ነው። በዚህ ስሌት ውድ ኮምፒዩተር የገዛ ቢሮ፣ ባለጉዳይ ቢጉላላበትም፣ ብዙ የሠራ ይመስላል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአትኪንሰን ሪፖርት ውጤቱ ራሱ እንዲለካ ያሳሰበው ለዚህ ነበር።

ጥያቄው በግሉ ዘርፍም የቆየ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1987 ኮምፒዩተር በየቦታው ቢታይም በምርታማነት አኃዝ ውስጥ እንደማይታይ ጻፈ። ተመራማሪዎቹ ኤሪክ ብሪንዮልፍሰንና ሎሪን ሂት በአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ጥቅሙ የጎላው አደረጃጀታቸውን አብረው በለወጡት ዘንድ መሆኑን አሳዩ። ሪቻርድ ሂክስ እ.ኤ.አ. በ2003 በታዳጊ አገሮች የመንግሥት የኮምፒዩተር ፕሮጀክቶች ላይ ያቀረበው ግምት ደግሞ ያስደነግጣል፦ 35 በመቶው ሙሉ በሙሉ፣ 50 በመቶው በከፊል ከሽፏል፤ የተሳካው 15 በመቶው ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ከቀደምቶቹ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት ነው። ወረዳዎችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል ጋር አገናኝቶ ኃላፊዎች በቪዲዮ እንዲሰበሰቡ አስችሏል፤ ከዚህ የሚገኘው ቁጠባ የአበል፣ የነዳጅና የመንገድ ቀን ነው። የተሻለው ትምህርት ግን ያለው በፋይናንስ ማሻሻያው ውስጥ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ድጋፍ በተካሄደው በዚህ ሥራ የሒሳብ መደቦች ተስተካከሉ፣ የደብል ኢንትሪ አመዘጋገብ ተዘረጋ፣ የወረዳ ሠራተኞች ሠለጠኑ፤ አይቤክስ የተባለው ሶፍትዌርም ይህንኑ የታደሰ አሠራር ደገፈ። ሶፍትዌሩ ያገለገለው አሠራሩ ስለተስተካከለ ነው።

አሁን ወደ ገጠሩ እንምጣ። በደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ በተሁለደሬ፣ ውጫሌ ደግሞ በአምባሰል ወረዳ ይገኛሉ። ከአምባ ወርዶ በእነዚህ ከተሞች ወዳሉት የወረዳ ቢሮዎች የሚሄድ አርሶ አደር ከሚያስጨንቁት ጉዳዮች ግንባር ቀደሙ መሬት ነው። በአማራ ክልል በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ የተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ፎቶ ተለጥፎበታል፤ አዋሳኞቹም በስም ተጽፈዋል፤ ካርታ ግን አልነበረውም። ሁለተኛው ዙር በአየር ፎቶ ላይ የተመሠረተ ካርታ ጨመረ፤ ብሔራዊው የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓትም ውርስን፣ ስጦታንና ኪራይን በኮምፒዩተር ለመመዝገብ ተዘጋጀ። ይህ ሥርዓት ምርታማ የሚሆነው እያንዳንዱ ዝውውር በጊዜው ሲገባበት ነው። አባት ሞቶ ልጆች በቃል ቢካፈሉና ቢሮው ባይመዘግበው፣ ካርታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመሬቱ ጋር ይለያያል፤ ክርክሩም ወደ ሽማግሌና ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል።

ወቅታዊ ምዝገባ የመጀመሪያው ፈተና ከሆነ፣ ሁለተኛው ቀጣይነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከወልድያ እስከ ደሴ ያለውን መስመር ሲያዳርስ በወሎ ብዙ የመንግሥት ቢሮዎች ተዘረፉ፤ ሰነዶችም ወደሙ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በዚህ አገር መዝገብ ማቆየት ባዕድ አይደለም፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። የወረዳ መረጃም በሌላ ከተማ ቅጂ ሊኖረው፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራው ሊቀጥል ይገባል።

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ መታወቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተስፋ ሰጪ ናቸው። ለውጤታቸው ግን የሚቀመጠው መለኪያ ግልጽ ይሁን። ከግዥው በፊት አንድ ባለጉዳይ ውርስ ለማስመዝገብ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ይቆጠር፤ ከዓመት በኋላም እንደገና ይቆጠር። ምልልሱ ካልቀነሰ የሚለወጠው የሥራ ሂደቱ እንጂ የኮምፒዩተሩ ሞዴል መሆን የለበትም። በጀቱም ለጥገና፣ ለሥልጠናና ለመረጃ ቅጂ እኩል ቦታ ይስጥ፤ ያለ እነርሱ የገባ መሣሪያ ለባለጉዳዩ አንድ ቀን አያተርፍለትም።