ማርጺሾር፦ የሮማንያ ቀይና ነጭ ክር

ማርጺሾር ሮማንያውያን ማርች 1 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 22፣ እርስ በርስ የሚሰጣጡት ከቀይና ከነጭ ክር የተገመደ ጌጥ ነው። በእጅ አንጓ ይታሰራል፣ በአንገት ይጠለቃል ወይም በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ይሰካል። የበረዶው ወራት ማብቃቱንና ጸደይ መግባቱን ያበስራል፤ ለተቀባዩም የጤናና የመልካም ዓመት ምኞት ነው። ትንሽ ዕቃ ቢሆንም ሮማንያ ከጎረቤቶቿ ጋር ስላላት ዝምድና ከብዙ ቤተ መንግሥትና ሐውልት የበለጠ ይናገራል፤ ይኸው ክር በሞልዶቫ፣ በቡልጋሪያ፣ በሰሜን መቄዶንያ፣ በግሪክና በአልባኒያም ይታሰራልና፣ እያንዳንዱም ሕዝብ የራሱን ታሪክ ያወራበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ነጭና አንድ ቀይ ክር፣ የሱፍ፣ የጥጥ ወይም የሐር፣ ጎን ለጎን ተይዘው እስኪከርሩ ድረስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠመዘዛሉ። ከመሐል ሲታጠፉ በራሳቸው ኃይል ይጠማዘዛሉ፤ ጫፉ ይቋጠርና የተረፈው ክር ተበትኖ ዘርፍ ይሆናል። አስተሳሰሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማተብን ሊያስታውስ ይችላል፤ ነገር ግን ማርጺሾር የሃይማኖት ምልክት አይደለም፣ ዕድሜውም ከአንድ ወር አያልፍም።

የድሮውን መልክ ካቆዩልን ሰዎች አንዱ በሰሜን ምሥራቅ ያለችው የቡኮቪና ካህንና የባህል ተመራማሪ ስሚዮን ፍሎሪያ ማሪያን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ያሳተመው የሮማንያውያን በዓላት መጽሐፉ፣ እናቶች ማርች 1 ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ በልጆቻቸው አንገት ወይም እጅ ላይ የብር ወይም የወርቅ ሳንቲም የተንጠለጠለበት ክር ያስሩ እንደነበር ይነግረናል። ክሩ ልጁን ከበሽታና ከክፉ ዓይን ይጠብቀዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ቀለሙም በየአካባቢው ይለያይ ነበር፤ ከቀይና ነጭ ሌላ ነጭና ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር የሚገምዱም ነበሩ። ልጃገረዶች ክሩን ለተወሰኑ ቀናት ካሰሩት በኋላ በሳንቲሙ ቀይ ወይን ጠጅና ትኩስ አይብ ይገዙበታል፤ ፊታቸው እንደ አይቡ እንዲነጣ፣ ጉንጫቸው እንደ ወይኑ እንዲቀላ ነው። ክሩ ራሱ በሚያብብ የፍሬ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ዛፉ በደንብ ካፈራ ባለክሩም ዓመቱ ይሰምርለታል።

ከክሩ የማይለይ አንድ ተረት አለ። ባባ ዶኪያ የተባለች አሮጊት ምራቷን ታሠቃይ ነበር። በብርድ ወራት ጥቁር ሱፍ ሰጥታ “ነጭ እስኪሆን እጠቢ” ብላ ወደ ወንዝ ትሰዳታለች። ምራቲቱ እጇ ደም እስኪያወጣ ስታሽ አንድ እንግዳ ሰው ደርሶ አበባ ይሰጣታል፤ ሱፉም ይነጣል። ዶኪያ አበባውን ስታይ ጸደይ የገባ መስሏት መንጋዋን ይዛ ወደ ተራራ ትወጣለች። ደርባ ከለበሰቻቸው ዘጠኝ ወይም ዐሥራ ሁለት ለምዶች በየቀኑ አንዱን እየጣለች ስትሄድ፣ ብርዱ ድንገት ተመልሶ ከነመንጋዋ ድንጋይ ያደርጋታል። ስሟ ማርች 1 ከምትታሰበው ከቅድስት ኤውዶክያ የመጣ ነው፤ የዘመን መቁጠሪያው ቅድስትና የተረቷ ክፉ አማት አንድ ስም መጋራታቸው የቤተ ክርስቲያን በዓልና ከእርሷ ውጭ የኖረው ልማድ እንዴት እንደተደራረቡ ያሳያል። ከማርች 1 እስከ 9 ያሉት ቀናት “የአሮጊቷ ቀናት” ይባላሉ። ዛሬም ብዙ ሮማንያውያን ከዘጠኙ አንዱን ቀን አስቀድመው ይመርጣሉ፤ ያ ቀን ፀሐያማ ከሆነ ዓመታቸው ብሩህ፣ ደመናማ ከሆነ ከባድ ይሆናል ይባላል።

ልማዱ ወደ ከተማ ሲገባ ሳንቲሙ ቀርቶ በምትኩ ጌጣጌጥ መጣ። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ የቡካሬስት መንገዶች በትናንሽ መደብሮች ይሞላሉ። በክሩ ላይ የሚንጠለጠለው አራት ቅጠል ያለው ማገጥ፣ የፈረስ ኮቴ ብረት፣ ነጠብጣብ ክንፍ ያላት ቀይ ጥንዚዛ፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ምስል ወይም በበረዶ መሐል የምትፈነዳው ነጭ አበባ ነው፤ ሁሉም የመልካም ዕድል ምልክቶች ናቸው። በደቡብና በመዲናይቱ ሰጪው ወንድ፣ ተቀባይዋ ሴት ናት፤ እናት፣ እህት፣ የሥራ ባልደረባና መምህርት አይዘነጉም። በሰሜን ምሥራቅ፣ በሞልዳቪያና በቡኮቪና፣ ሴቶችም ለወንዶች ይሰጣሉ።

ከፕሩት ወንዝ ማዶ ባለችው የሞልዶቫ ሪፐብሊክ ወንዱም ሴቱም ማርጺሾርን በግራ ደረቱ ላይ ሰክቶ ወሩን ሙሉ ይውላል፤ በወሩ መጨረሻም ዛፍ ላይ ያስረዋል። በዋና ከተማዋ ኪሺናው ከ1967 ጀምሮ በዚሁ ስም የሙዚቃ ፌስቲቫል ይካሄዳል። ዓመተ ምሕረቱ፣ እዚህ እንደሚጠቀሱት ሌሎች ዓመታት ሁሉ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሞልዶቫ በሶቪየት አገዛዝ ሥር ሳለች ቋንቋዋ “ሞልዶቫኛ” ተብሎ እስከ 1989 በሲሪሊክ ፊደል እንዲጻፍ ተደርጎ ነበር፤ “ሮማንኛ” የሚለው ስም በሕጎቿ ሁሉ እንዲገባ ፓርላማዋ የወሰነው በ2023 ነው። ስለ ቋንቋው ስም ይህን ያህል ዘመን ሲከራከር የኖረ ሕዝብ በክሩ ስም ላይ አለመከራከሩ የሚያስደንቅ ነው።

ቡልጋሪያውያን ግን ይህን ክር ከማንም ያገኙት አድርገው አያዩትም፤ ለእነርሱ ማርቴኒጻ የቡልጋሪያዊነት ዋና ምልክት ነው። በዕለቱ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ሚኒስትር ሳይለይ ሁሉም እጁ ላይ ያስራል፤ ፒዦና ፔንዳ የሚባሉ ነጭ ወንድና ቀይ ሴት የክር አሻንጉሊቶችም ይሠራሉ። የሚያስተናግዷት አሮጊት ባባ ማርታ ትባላለች፤ ጠባይዋ እንደ ማርች አየር የሚቀያየር፣ አሁን ስቃ አሁን የምትቆጣ ናት። ክሩ የሚፈታው ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ ሲታይ ነው። የምሥራቅ አውሮፓ ነጭ ሽመላዎች ብርዱን የሚያሳልፉት በአፍሪካ ሲሆን አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ያልፋሉ ወይም ይከርማሉ፤ የቡልጋሪያ ልጆች አንጋጥጠው የሚጠብቋት ወፍ ከዝዋይና ከአብያታ ዳርቻ የተነሣች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። የተፈታውን ክር ከድንጋይ ሥር የሚያስቀምጡም አሉ፤ ቆይተው ድንጋዩን ሲያነሡ በሚያገኙት ነፍሳት ዓመቱን ይተነብያሉ።

የቡልጋሪያ አፈ ታሪክ ክሩን ከመንግሥታቸው ምሥረታ ጋር ያያይዘዋል። በ681 ዓ.ም. አካባቢ የዳኑብን ወንዝ ለተሻገረው ለካን አስፓሩህ ነጭ ክር ይዛ የምትበር ወፍ በቀስት ቆስላ ክሩ በደም ቀላ ይላል ታሪኩ። በሮማንያ ደግሞ አንድ ጎበዝ የታሰረችውን ፀሐይ ሊያስፈታ ሲዋጋ ደሙ በበረዶ ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያም አበባ በቀለ ይባላል። ሁለቱም የደምና የንጣት ታሪኮች ናቸው፤ አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የወቅት መሆኑ ብቻ ይለያቸዋል።

በሰሜን መቄዶንያ ክሩ ማርቲንካ ይባላል። በግሪክ ማርቲስ ተብሎ በተለይ በልጆች እጅ ላይ የሚታሰረው የመጀመሪያው የጸደይ ፀሐይ ፊታቸውን እንዳታቃጥል ነው። በአልባኒያ ማርች 14 ከሚከበረው “የበጋ ቀን” ጋር ይሄዳል። በዩክሬን ውስጥ የሚኖሩ የቼርኒቭትሲ ሮማንያውያንና የኦዴሳ አውራጃ ቡልጋሪያውያንም ልማዱን ይዘዋል።

መነሻውን አንዳንዶች ከጥንት ሮማውያን፣ ዓመታቸው በማርች ይጀምር ስለነበር፣ አንዳንዶች ደግሞ ከዳኪያና ከትራኪያ ሕዝቦች ይመዝዙታል። ለየትኛውም ቁርጥ ያለ ማስረጃ የለም። ሮማንያውያን በስላቭና በሃንጋሪያውያን መካከል የቀሩ የላቲን ደሴት ነን ማለት ይወዳሉ፤ ቋንቋቸውም ይመሰክርላቸዋል። የክሩ ካርታ ግን ከባልካን ስላቮች፣ ከግሪኮችና ከአልባኒያውያን ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ይህም ከቋንቋው ያላነሰ እውነት ነው።

ሮማንያ፣ ቡልጋሪያ፣ ሞልዶቫና ሰሜን መቄዶንያ በባለቤትነቱ ከመሻማት ይልቅ አብረው ማመልከትን መረጡ። “ከማርች 1 ጋር የተያያዙ ባህላዊ ልማዶች” በሚል ስም ያቀረቡት የጋራ ሰነድ ዲሴምበር 2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ሮማንያና ሞልዶቫ ቀደም ሲል የወንዶችን የገና መዝሙር ሥርዓት በ2013፣ የግድግዳ ምንጣፍ ሽመናን በ2016 በጋራ አስመዝግበው ነበር፤ በ2022 ደግሞ በትከሻው ላይ የተጠለፈውን ባህላዊ ሸሚዝ ጨመሩ። ከቡልጋሪያ ጋር ግን እንዲህ ያለ ስምምነት ቀላል አይደለም፤ ሁለቱ አገሮች ደቡብ ዶብሩጃ በተባለው አካባቢ ምክንያት ተዋግተዋል፣ በ1940ም ሕዝብ ተለዋውጠዋል። የማርች 1 ልማዶች ሰነድ ግን ልማዱ ከየት ተጀመረ የሚለውን ጥያቄ አያነሣም፤ የሚገልጸው ክሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንደሚሰጥና ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ነው።

ዛሬ በመንገድ ከሚሸጠው ብዙው የፋብሪካ ውጤት ነው። በእጅ የሚገመደውን የሚፈልጉ በቡካሬስት የሮማንያ ገበሬ ሙዚየም ግቢ በየዓመቱ በሚቆመው የማርጺሾር ገበያ ያገኙታል፤ በየትምህርት ቤቱም ልጆች ክሩን ራሳቸው ገምደው ለእናቶቻቸውና ለመምህራኖቻቸው ይሰጣሉ።