«አንዲት ዘፈን ብቻ ላኪልኝ!»

ዜንደርና ሼርኢት የማያውቅ ወጣት አለ እንዴ? ያለ ኢንተርኔት ካርድ ዘፈኑም ፊልሙም ከስልክ ወደ ስልክ እልም ይላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥማ ሌላ ምን አማራጭ ነበር? ጥቅማቸውን አልክድም። ግን ጉዳቸውንም ስሙ።

አንዲት የዛሪማ ልጅ ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። ዛሪማ ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን ቁልቁል ለወረደ መንገደኛ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰዉ ሁሉ ይተዋወቃል። አብሯት የተማረ ልጅ «አንዲት ዘፈን ብቻ ላኪልኝ» አላት። ቡና እያፈላች ነበርና «ራስህ ውሰድ» ብላ ስልኳን አቀበለችው። እሱ ሆዬ ለእጮኛዋ ብላ የተነሳቻቸውን ፎቶዎች ጭምር ወደ ራሱ ላከ። ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞሮ ወንድሟ ዘንድ ደረሰ። ልጁን «ለምን ሰረቅህ?» ያለው የለም፤ ጣት የተቀሰረው በእሷ ላይ ነው። «ገበያ መውጣት ትቻለሁ» አለችኝ። አያንገበግብም? እኔ ግን ጥፋቱ የሌባው ነው እላለሁ።

አደጋው በሰው እጅ ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2021 ትሬንድ ማይክሮ የተባለ የኮምፒዩተር ደህንነት ኩባንያ በሼርኢት ውስጥ ቀዳዳ ማግኘቱን ይፋ አደረገ፤ በዚያ በኩል የስልክ ምስጢር ሊወጣ፣ ጎጂ ፕሮግራምም ሊጫን ይችል ነበር። ባለቤቶቹ ቀዳዳውን ደፍነናል አሉ። ከጓደኛው የተቀበለውን አሮጌ ቅጂ ይዞ የሚዞር ሰው ግን ጥገናው ከየት ይደርሰዋል? ህንድም እ.ኤ.አ. በ2020 ሼርኢትንና ዜንደርን ከሌሎች የቻይና አፖች ጋር አግዳለች።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦

ስልካችሁን አሳልፋችሁ አትስጡ፤ የሚላከውን ራሳችሁ መርጣችሁ ላኩ። ሲያልቅም አፑን ዝጉ፣ ሆትስፖቱንም አጥፉ።

ከሰው የተላከላችሁን አፕ አትጫኑ፤ ከፕሌይ ስቶር አውርዱ።

ዘፈን ለማስጫን ሱቅ የምትሰጡት ሜሞሪ ፎቶ ኖሮበት የማያውቅ ይሁን። «ዲሊት አድርጌዋለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ፤ የጠፋ ፎቶ በፕሮግራም ተፈልጎ ሊመለስ ይችላል።

የሰው ገመና እናንተ ስልክ ላይ ከደረሰስ? እዚያው አጥፉት። ለአንድ ጓደኛ «እየው እስቲ» ብሎ ያሻገረ ሁሉ የዚያችን ልጅ በር ከዘጉባት አንዱ ነው።