ለቮልስ ሞተር የሚስማማው ዘይት

የቮልስዋገን ቢትል፣ በአዲስ አበባ አጠራር የቮልስ፣ ሞተር ራዲያተር የለውም። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሲሆን በቺንጋ የሚሽከረከር ማራገቢያ አየር ይነፋባቸዋል። አየሩ ግን የሚደርሰው ከውጭ በኩል ነው። ከፒስተኖቹ ሥር፣ ከብሮንዚናዎቹና ከቫልቮላዎቹ አካባቢ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ዘይቱ ነው፤ ተሸክሞም በማራገቢያው ጎን ወዳለው ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ያደርሰዋል። በውሃ በሚቀዘቅዝ መኪና ይህን ሥራ ውሃው ይጋራዋል፤ ቮልስ ላይ ተጋሪ የለም። ለዚህ ሁሉ ሥራ ደግሞ የተመደበው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው።

ሌላው ልዩነት ፊልትሮ አለመኖሩ ነው። ከሞተሩ ግርጌ፣ በስድስት ትናንሽ ቡሎኖች ከታሰረ ክብ ክዳን በላይ፣ የሽቦ ወንፊት አለ። ወንፊቱ የሚይዘው ትልልቁን ስብርባሪ እንጂ ብሮንዚና የሚፍቀውን ደቃቅ ጥቀርሻና የብረት ብናኝ አይደለም። ደቃቁ ቆሻሻ ከሞተሩ የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ አለው፤ በዘይቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ቆይቶ ዘይቱ ሲፈስ አብሮ መፍሰስ። ፋብሪካው ከጥንት ጀምሮ የማጽዳት ባሕርይ ያለው ዘይት እንዲጨመር ያዘዘው ስለዚህ ነው። የማያጸዳ ዘይት ቆሻሻውን ከሞተሩ ሥር እንዲዘቅጥ ይተወዋል። ወዲያው ጠቆረ ተብሎ የሚታማ ዘይትም ሥራውን እየሠራ ያለ ዘይት ነው።

የመቀየሪያው ጊዜ ከዚሁ ይከተላል። የፋብሪካው መመሪያ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይላል፤ አቧራማ መንገድ ላይ የምትውል መኪና ከዚያም ቀድሞ ቢቀየርላት ይሻላል። ለቅርብ መንገድ ብቻ የምትነሣ መኪና በኪሎ ሜትር መለካት የለባትም። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በክረምት እርጥበት ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ በዘይት መሙያው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይም ነጣ ያለ ቅባት መስሎ ይታያል። እንዲህ ላለችው መኪና ስድስት ወር በቂ ገደብ ነው። በተቀየረ ቁጥር ወንፊቱን አውጥቶ በቤንዚን ማጠብና ሁለቱን ጓርኒሲዮኖች መለወጥ ያስፈልጋል። ቡሎኖቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ጉልበት አይወዱም፤ ብዙ ቮልስ ከሥር የሚያንጠባጥበው ከልክ በላይ ከተጠበቁ በኋላ ነው።

የዘይት ምርጫ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውፍረቱ ነው። በቆርቆሮው ላይ 30፣ 40 ወይም 50 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤስኤኢ፣ ያወጣው መለኪያ ሲሆን ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ይናገራል። 30 ቁጥር በዚያ ሙቀት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ ነው፤ 50 ቁጥር ከ16.3 ጀምሮ እስከ 21.9 ይደርሳል፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። እንደ 15ደብሊው-40 ያለ ጥምር ቁጥር ሲሆን የፊተኛው ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስስ፣ የኋለኛው ሲሞቅ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ያመለክታል። ለቮልስ ፋብሪካው ለሞቃት ወቅት መሠረት ያደረገው 30 ቁጥርን ነው። የሞተሩ ክፍተቶች፣ የፓምፑ አቅምና የማቀዝቀዣው ቧንቧዎች ስፋት የተቀመሩት በዚህ ውፍረት ነው።

በየጋራዡ የሚሰማው ምክር ግን ከዚህ ይለያል፤ ሞተሩ በጣም ስለሚሞቅ ዘይቱ በወፈረ ቁጥር ይሻለዋል ይባላል። ለመስማት የሚያሳምን ቢሆንም የሞተሩን አሠራር አያውቅም። ከዘይት ፓምፑ ቀጥሎ በሞላ የሚገፋ የግፊት መቆጣጠሪያ አለ። ዘይቱ ቀዝቅዞና ወፍሮ ግፊቱ ሲጨምር መቆጣጠሪያው ወደ ታች ይገፋና አቋራጭ መንገድ ይከፍታል፤ ዘይቱም በማቀዝቀዣው ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ብሮንዚናዎቹ ይሄዳል። ሲሞቅና ሲቀጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ መቆጣጠሪያው ወደ ላይ ተመልሶ አቋራጩን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ በሙሉ በማቀዝቀዣው ያልፋል። ስለዚህ ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት አቋራጩን ለረጅም ጊዜ ክፍት ያደርገዋል። ሞተሩን ያቀዘቅዛል ተብሎ የተጨመረው ዘይት ራሱ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል ማለት ነው። ጠዋት በብርድ ሲነሣ ደግሞ ወደ ሩቁ ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሞተር መበላት የሚበረታው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው።

የአገሩ አየር ጠባይም ይታሰብበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያመጣው የማቀዝቀዝ አቅምም በዚያው ልክ ያንሳል። በአንጻሩ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አለ። ደህና ለሆነ ሞተር በእንዲህ ያለ ደጋ 30 ቁጥር ወይም 15ደብሊው-40 ይስማማል፤ የሚመረጠውም ሁለተኛው ነው፤ ጠዋት ቶሎ ይፈስሳል፣ ዳገት ላይም አይቀጥንም። ድሬዳዋ፣ አዋሽ ወይም አፋር ለምትውል መኪና 40 ቁጥር ወይም 20ደብሊው-50 ምክንያት አለው።

ውፍረቱ ከተወሰነ በኋላ የሚቀረው በቆርቆሮው ጀርባ ያሉት ፊደላት ናቸው፤ ገዢው ብዙ ጊዜ የማያያቸውም እነሱን ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ለቤንዚን ሞተር ዘይት የሚሰጠው ደረጃ በኤስ ይጀምራል፤ ቀጣዩ ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ነው። ኤስኤፍ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ፣ ኤስጄ የ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ኤስኤም በ2004 የመጣ ነው። አዲሱ የተሻለ መሆኑ ለአዲስ መኪና እውነት ነው። ለቮልስ ግን አንድ ነገር ተቀንሶበታል።

የቮልስ ካም ፑንተሪያውን የሚገፋው እየተንሸራተተ ነው፤ መሐላቸው የሚሽከረከር ሮለር የለም። ጫናው በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ የዘይቱ ስስ ሽፋን ይበጣጠሳል። ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚከላከለው ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ነው፤ በሙቀትና በጫና ጊዜ ብረቱ ላይ ተጣብቆ መከላከያ ንጣፍ ይሠራል። ዘመናዊ መኪኖች በጭስ ማውጫቸው የጋዝ ማጣሪያ አላቸው፤ ከዘይት ጋር ተቃጥሎ የሚወጣው ፎስፈረስ ማጣሪያውን ያበላሸዋል። በዚህ ምክንያት ከኤስኤም ጀምሮ እንደ 5ደብሊው-30 ባሉ ቀጫጭን ዘይቶች የፎስፈረሱ መጠን ከ0.08 በመቶ እንዳያልፍ ተደረገ። ገደቡ 40 እና 50 ቁጥርን አይነካም፤ ስለዚህ 15ደብሊው-40 እና 20ደብሊው-50 በዚህም በኩል የተሻሉ ናቸው።

ለጭነት መኪና የሚሸጠው 15ደብሊው-40 የናፍጣ ዘይትም ብዙ ጊዜ ጥሩ አማራጭ ነው። ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 ከሚለው ጎን ለጎን ኤስጄ ወይም ኤስኤል የሚል ካለበት ለቤንዚን ሞተርም ተፈትኗል፤ ዚንኩም፣ የማጽዳት ኃይሉም በቂ ነው። ለብቻው በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ የዚንክ ጭማሪ አለ፤ ነገር ግን የዘይቱ ውህደት በፋብሪካ የተመጠነ ስለሆነ በግምት መጨመሩ አይመከርም። ሰው ሠራሽ ዘይት ሙቀት በመቋቋም ይበልጣል፣ ሞተርም አይጎዳም። ዋጋው የሚመለሰው ግን ረጅም መንገድ ስለሚያገለግል ነው፤ ፊልትሮ የሌለው ሞተር ያን ዕድል አይሰጠውም። ፓራኦሊዮው ያረጀ ከሆነም ማንጠባጠቡ ይብስበታል።

ያረጀ ሞተርን በወፍራም ዘይት ማስታመም የተለመደ ነው፤ ለጥቂት ወራትም ይሠራል። ፍርዱን መስጠት ያለበት ግን መለኪያ ነው። በ30 ቁጥር ዘይት፣ በ70 ዲግሪ ሙቀትና በደቂቃ 2,500 ዙር፣ ግፊቱ ከ28 ፒኤስአይ በታች ከወረደ የተበላው ብሮንዚናው ወይም ፓምፑ ነው። ሰማያዊ ጭስ ካለም ፋሻው ወይም የቫልቮላው ማቀፊያ ይታይ። ዘይቱ ሳይጨመርለት ከፍ ካለና በመለኪያ ዘንጉ ላይ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ የቤንዚን ፓምፑ ስስ ጎማ ተቀዶ ወደ ሞተሩ እያፈሰሰ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የትኛውም ቁጥር አያድንም፤ ፓምፑ ተሠርቶ ዘይቱ እስኪቀየርም መኪናዋ መነዳት የለባትም።

ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም። የሚጨመረው 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ሲሆን ደረጃው ጂኤል-4 ነው።