ስለ ሕፃናት የመኪና ወንበር፤ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የሚጠቅም ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ የግቤን ሸለቆ ተሻግሮ ጅማ የሚደርሰው፣ ከዚያም ወደ አጋሮና ወደ በደሌ የሚቀጥለው መንገድ የቡናው ንግድ መተላለፊያ ነው። ነጋዴው ቤተሰቡን ይዞ የሚጓዘውም በዚሁ መንገድ ነው። ሹፌሩ መታጠቂያውን ሲያስር ሕፃኑ ግን ብዙ ጊዜ በእናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል።

የእናት ክንድ በግጭት ጊዜ ሕፃኑን ሊይዝ እንደማይችል በሒሳብ ይታወቃል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በአንድ ሴኮንድ አሥረኛ ክፍል ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል 140 ኪሎ ያህል ሸክም ይሆናል። ይህም ከሁለት ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያዎች ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ተገቢው ወንበር የሕፃናትን ሞት ቢያንስ በ60 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ወንበሩ በሦስት ዐይነት ይከፈላል። አንደኛው የሕፃኑን ፊት ወደ መኪናው ኋላ የሚያዞር ሲሆን፣ ስዊድናዊው በርቲል አልድማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የመጀመሪያውን ናሙና ሠርቶ ሞክሯል። የሕፃን ራስ ከባድ፣ አንገቱም ለስላሳ ስለሆነ ወንበሩ ጀርባውንና ራሱን አንድ ላይ ደግፎ ይይዛል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 15 ወር ድረስ በዚህ ሁኔታ እንዲቀመጥ ያዛል። ሁለተኛው ፊትን ወደ ፊት አድርጎ በራሱ ማሰሪያ የሚይዝ ነው። ሦስተኛው ልጁን ከፍ አድርጎ የመኪናው መታጠቂያ በአንገቱና በሆዱ ላይ ሳይሆን በትከሻውና በዳሌው ላይ እንዲያልፍ የሚያደርግ ሲሆን፣ ትከሻንም የሚይዝ መታጠቂያ በሌለበት መቀመጫ ላይ አይሠራም።

አስመጪው በቅድሚያ ምልክቱን ይመርምር። በአውሮፓው ሥርዓት የተፈተነ ወንበር በክብ ውስጥ «ኢ» የተጻፈበትና የደንቡን ቁጥር የያዘ ብርቱካንማ ወረቀት አለው። በቀድሞው ደንብ ቁጥር 44 የተሠራውን አዲስ ወንበር በአውሮፓ ኅብረት ገበያ መሸጥ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ስለቀረ፣ የተረፈው ዕቃ በርካሽ ሊቀርብ ይችላል፤ ገዢው ይህን አውቆ በዋጋው ይደራደር።

ሁለተኛው ጥያቄ ወንበሩ ከመኪናው ጋር መስማማቱ ነው። አገራችን በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የሚመጡት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአብዛኛው አይሶፊክስ የሚባለው የብረት ማያያዣ አላቸው። ከቆዩት መኪናዎች ግን ብዙዎቹ ስለሌላቸው፣ በመኪናው መታጠቂያ የሚታሰረውንም ወንበር ማከማቸት ያስፈልጋል።

ባለሱቁ ወንበሩን ሲሸጥ የሚከተሉትን ለገዢው ያስረዳ።

1ኛ፤ ፊትን ወደ ኋላ የሚያዞረው ወንበር ኤርባጉ ባልተዘጋበት የፊት መቀመጫ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም።

2ኛ፤ የታሰረው ወንበር መታጠቂያው በሚያልፍበት ቦታ ተይዞ ሲነቀነቅ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊንቀሳቀስ አይገባም።

3ኛ፤ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ማሰር ማሰሪያውን ያላላል። በቅድሚያ ይታሰር፤ ጋቢውም ከላይ ይደረብለት።

4ኛ፤ ግጭት ያየ ወንበር ስንጥቅ ባይታይበትም ዳግመኛ አይሸጥም። ታሪኩ ያልታወቀ አሮጌ ወንበርም እንዲሁ ነው።

ገዢው ከመሄዱ በፊት ወንበሩን በራሱ መኪና ውስጥ አስሮ ማሳየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ በትክክል ያልታሰረ ወንበር ግን ገንዘብ ወጥቶበት ሕፃኑን ሳያድን ይቀራል።